የጨው ንግድና የተማሪው አእምሮ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያገራችን ሰው መከራ በመከራ ላይ ሲደረብበት ይናገረዋል። ተረቱ ከአፍ ሳይጠፋ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደጋው አገር እንቅርት ያልታየበት ገበያ ኖሮ አያውቅምና ነው። ከወገራ እስከ ዳባትና ደባርቅ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ጃናሞራና በየዳ ድረስ፣ አንገቱ ያበጠ ሰው ማየት ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ሕዝቡም እንቅርትን የመልክ ጉድለት ነው ብሎ ሲያዝንበት ወይም ሲቀልድበት ኖረ እንጂ፣ በዚያው ቤት ያለ አንገቱ ያላበጠ ልጅ ትምህርት አልገባው ያለው በዚሁ ሰበብ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ አልነበረም።

ይህ የንግድ ምክር ቤት ሳምንታዊ ጽሑፍ ስለ ጤፍና ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ግብርም ሆነ ስለ ፈቃድ እድሳት መናገር ሲገባው ስለ እንቅርትና ስለ ተማሪ አእምሮ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አገባቡ እንዲህ ነው፤ የዚህ ነገር መድኀኒት የሚገኘው በሐኪም ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በነጋዴ ጆንያ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሊመክር፣ መንግሥትም ሊያዝ ይችላል። ጨውን ከአፋር አስጭኖ፣ በጎንደር መጋዘን አሳድሮ፣ በደባርቅ ገበያ ሰፍሮ ለባለቤቲቱ የሚሰጣት ግን ነጋዴው ነው።

አዮዲን የሚባለው ማዕድን በባሕር ውሃ ውስጥ ይበዛል። ከባሕር በራቀና ከፍ ባለ አገር፣ ይልቁንም ዝናምና ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት ባጠበው ተዳፋት መሬት ላይ ግን እጅግ ያንሳል። ለዚህ የሰሜን ተራሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በራስ ደጀን ከፍታ ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር እንደ ነበረ ምልክቱ ዛሬም ይታያል፤ ግግሩና ከርሱ በኋላ በየክረምቱ የወረደው ጎርፍ የላይኛውን አፈር እየጠረገ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሰድዶታል። በእንዲህ ያለ መሬት የበቀለ ገብስና ባቄላ፣ ድንችና ጎመን፣ በዚያው ሣር ያደገች ላም የምትሰጠው ወተት ሳይቀር አዮዲን ያንሰዋል። ከዚህም የተነሣ ጎተራው የሞላ ገበሬ ልጅና የደኻው ልጅ በዚህ ጉድለት ሊገናኙ ይችላሉ። እጦቱ ከረኃብ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ለዓይን አይታይም፣ በሆድም አይሰማም።

በአንገታችን ያለችው ታይሮይድ የምትባል እጢ ከአዮዲን ሆርሞን ትሠራለች። ይህም ሆርሞን የአካልን እድገትና የአንጎልን መብሰል የሚመራ ነው። አዮዲን ሲያጥራት እጢዋ ከደም ውስጥ ያለውን ጥቂቱን ሁሉ ለመያዝ ስትደክም ትሰፋለች፤ እንቅርት የምንለው ይኸንኑ ነው። ነገር ግን የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ሰው ከመወለዱ በፊት ነው። በማኅፀን ያለ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ እጢ ገና ሥራ ስላልጀመረች የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነውና፣ የእናቲቱ ባነሰ መጠን የልጁ የአንጎል ሕዋሳት ቦታ ቦታቸውን የሚይዙበትና እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት ሥራ ይጓደላል። እጦቱ ሲበረታ መስማትና መናገር የተሳነው፣ እድገቱ የቀጨጨ ልጅ ይወለዳል። ቀለል ሲል ደግሞ ልጁ ጤነኛ መስሎ ይወለዳል፤ አድጎም ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከጓደኞቹ ግን ዘግይቶ ይገነዘባል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ አባቱም ከብት ቢጠብቅ ይሻለዋል ብሎ ያስወጣዋል። የጉዳዩን አስቸጋሪነት የሚያበዛው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ስም የለውም፣ ሐኪም ዘንድም የሚያደርስ ምልክት አያሳይም።

የሚያስፈልገው መጠን ግን ለማመን በሚያስቸግር ሁኔታ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆነ ልጅ በቀን 120 ማይክሮ ግራም፣ ለዐዋቂ 150፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮ ግራም ያዛል፤ ማይክሮ ግራም ማለትም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሰው ሰባ ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሁሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢደመር አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በነጋዴ ቋንቋ ብናሰላው ደግሞ፣ በአንድ ኪሎ ጨው 40 ሚሊ ግራም አዮዲን እንዲገኝ ለማድረግ ለአንድ ኩንታል የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት የሚባለው ቅመም 7 ግራም እንኳ አይሞላም። በማናቸውም ሸቀጥ ላይ ይህን ያህል አነስተኛ ነገር ተጨምሮ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ውጤት የሚሰጥ ሌላ ንግድ አናውቅም።

ስለ አእምሮው ነገር ማስረጃው ምንድር ነው? በቻይና አገር የተደረጉ ብዙ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ተሰብስበው ከ12 ሺህ በላይ ልጆች በተመዘኑበት ሒሳብ፣ አዮዲን ባጣ አገር ያደጉት በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ ከ12 ነጥብ በላይ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ይህን ቁጥር ግን እንደ ወረደ መቀበል አይገባም። አዮዲን ያጣ አገር ብዙውን ጊዜ ከመንገድም፣ ከትምህርት ቤትም፣ ከሐኪምም የራቀ አገር ነውና ልዩነቱን ሁሉ በአዮዲን ላይ መጫን ሚዛን ማጋደል ይሆናል።

ከዚህ የሚሻለው ማስረጃ አንዱን ወገን ሰጥቶ አንዱን ሳይሰጡ ማወዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የአልባንያ ጥናት ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ከሁለት ተከፍለው ለግማሾቹ አዮዲን ያለበት ዘይት ተሰጣቸው፤ ከ24 ሳምንት በኋላም ከሰባቱ የማሰብና የፍጥነት ፈተናዎች በአራቱ ብልጫ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የኒው ዚላንድ ጥናት ደግሞ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ለ28 ሳምንት የወሰዱ ልጆች በአስተውሎት ፈተናዎች መሻሻላቸውን ገልጧል። ኒው ዚላንድ ከኛ ጋር የሚወዳደር ድኻ አገር አይደለም፤ እጦቱም ቀላል ነበር። እንዲህም ሆኖ ልዩነት መታየቱ፣ ልጁ ለትምህርት ከደረሰ በኋላም ቢሆን የሚቃና ነገር መኖሩን ያስረዳል። በማኅፀን የጎደለው ሁሉ በኋላ ይመለሳል ማለት ግን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የንግዱን ሰው ሊያስደነግጥ የሚገባው በዚሁ በእኛ በአማራ ክልል የተደረገው ጥናት ነው። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በክልሉ 60 ወረዳዎችን በዕጣ መርጠው፣ በከፊሎቹ ወረዳዎች አዮዲን ያለበት ጨው ቀደም ብሎ እንዲደርስ አደረጉ። በቀሩት ወረዳዎች ግን ጨው በተለመደው የገበያ መንገድ እስኪደርስ ድረስ ነገሩ ለገበያው ተተወ። ከዚያም ሕፃናቱ በየዕድሜያቸው ተፈተኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት ጨው ቀድሞ የደረሳቸው ሕፃናት በማስተዋልና ቋንቋን በመረዳት በልጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ተከታይ ጽሑፍ ደግሞ፣ እናቶቻቸው ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ ጨውን ያገኙ ልጆች በአእምሮ እድገት የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱ በአንዱ ልጅ ላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በወረዳው ልጅ ሁሉ ላይ ሲታሰብ ግን ትንሽ አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጥናት የተለካውን ነገር ልብ ብለህ ተመልከት። አንዱ ወገን ጨውን ቀድሞ ያገኘ ነው፤ ሌላው ወገን ገበያን የጠበቀ ነው። ስለዚህ በተመራማሪዎቹ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው ልዩነት በሌላ ስሙ ቢጠራ የነጋዴ መዘግየት ዋጋ ነው። እኛ የጨው ጭነት ሲዘገይ ኪሳራውን በብር እንቆጥራለን፤ በልጆች አስተውሎት የሚቆጠር ሌላ ኪሳራ መኖሩን ግን እስካሁን በመዝገባችን ላይ አላሰፈርንም።

የጎንደርና የጨው ነገር አዲስ አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ በረሃ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ የሚወጣው አሞሌ እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ድረስ በደጋው ገበያ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ ኖሯል። «አሞሌ ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የተባለውም በዚያ ዘመን ሰው አነጋገር ነው። አሞሌ ከጥንት የባሕር ወለል የተፈለጠ ይሁን እንጂ አዮዲን የሚባል ነገር በበቂው የለበትም፤ የጥንቱ ነጋዴ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበርና ወቀሳ የለበትም። በኋላ ዘመን የኢትዮጵያ ገበታ ጨው በብዛት ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር፤ አዮዲን መጨመርም የተጀመረው በዚያ በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ንግዱም ፊቱን ወደ አፍዴራ ሐይቅ አዞረ። የአፍዴራ ጨው ነጭና ርካሽ ነበር፤ አዮዲን ግን አልነበረበትም። እንግዲህ አንድ የንግድ መንገድ በመለወጡ ብቻ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ አገር በሞላ ወደ ቀድሞው እጦት ተመለሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገር ደረጃ በተደረገው ምርመራ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ወደ 40 ከመቶ የሚጠጉት እንቅርት የተገኘባቸው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ወጥቶ፣ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ታዘዘ። የደንቡ ፍሬ በቁጥር ታይቷል። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 ከመቶ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 89 ከመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጣ የምግብ ደንብ በአገራችን ብዙ አይገኝም፤ በዚህም የጨው አምራቹም ሆነ አከፋፋዩ ነጋዴ የሚገባውን ምስጋና ሊነፈግ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ደስታችንን የሚቀንስ ሌላ ቁጥር አለ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተደረገው የማዕድንና የቫይታሚን ጥናት፣ በየቤቱ የተገኘው ጨው በላቦራቶሪ ሲለካ በቂ አዮዲን፣ ማለትም በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም የተገኘበት ከአራት ቤት በአንዱ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ጨው አዮዲን አለው ተብሎ የሚሸጥ፣ በጠብታ ሲፈተን ጥቂት ቀለም የሚያሳይ፣ በውስጡ ግን የጎደለ ነው። በእኛው አካባቢ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት የምርምር ጣቢያ ባቋቋመበት በዳባት ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ከአራት ተማሪዎች ከአንድ በላይ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ደንቡ ከወጣ ዓመታት ካለፉ በኋላ መሆኑ ነው።

የጎደለው የት ነው የጎደለው? አንዱ ምክንያት ከማምረቻው ነው፤ ቅመሙ በእጅ ሲረጭ አንዱ ጆንያ ሲበዛበት ሌላው ያንሰዋል። ስለዚህኛው አምራቹና ተቆጣጣሪው ይጠየቁበት። ሌላው ግን ከጭነት እስከ ሱቅ ባለው መንገድ የሚፈጸም ነውና የእኛ ነው። አዮዲን በእርጥበት፣ በሙቀትና በፀሐይ ይጠፋል። ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ጆንያው ሲርስ አዮዲኑ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርድና ከታችኛው ጆንያ ስር ይንጠባጠባል። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ሰው የጨው መጋዘን ወለል በነሐሴ ወር ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ያ በወለሉ ላይ የሚታየው እርጥበት ውሃ ብቻ አይደለም፤ የከፈልንበትም ሸቀጥ ነው። ከዚያም ጆንያው ተፈትቶ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከጧት እስከ ማታ በፀሐይ ይዋል ይባላል። ያልተሸጠውም ተሰብስቦ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀመጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ለከብት ወይም ለቆዳ ተብሎ የወረደ ጨው ዋጋው ስለሚቀንስ ብቻ ከገበታው ጨው ጋር የሚቀላቀልበት ጊዜ ካለ፣ ስሙ ሌላ ነው።

ነጋዴ ሚዛኑን ያጎደለ እንደ ሆነ ምን እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን። አንድ ኪሎ ብሎ 900 ግራም የሚሰጥ ሰው በገበያ ይታፈራል፣ በሕግም ይጠየቃል። አዮዲን ያለበት ብሎ አዮዲን የሌለበትን የሚሰጥ ሰው ከዚህ በምን ይለያል? ልዩነቱ ገዢው በቤቱ መልሶ ሊመዝነው አለመቻሉ ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ልዩነት የነጋዴውን ኀላፊነት ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። አንድ ሰው በቀን 5 ግራም ጨው ቢበላ፣ ጨውም በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ቢኖረው የዐዋቂን ድርሻ 150 ማይክሮ ግራም በሙሉ ያገኛል። በ15 ሚሊ ግራም ግማሹን ብቻ ያገኛል። በ5 ሚሊ ግራም የሚያገኘው 25 ማይክሮ ግራም ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የሚያስፈልጋት የዚህ አሥር እጥፍ ነው።

ከነጋዴ ወገኖቻችን የሚሰማው መልስ ይታወቃል። ደንበኛው ርካሹን ይጠይቃል፤ እኔ የታሸገውን ባመጣ ጎረቤቴ ልቅ ጨው አምጥቶ ገበያዬን ይወስድብኛል ይላሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በስብከትም አይፈታም። አንዱ ነጋዴ ብቻውን ደግ ቢሆን ይከስራል። የንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው ግን አንዱ ብቻውን ቢያደርገው የሚጎዳበትን ሁሉም በአንድነት ቢያደርጉት የማይጎዱበትን ነገር ለመሥራት ነው። ጣዕም ይለውጣል የሚለው ወሬ ደግሞ መሠረት የለውም፤ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም የሚሆን ነገር በወጥ ውስጥ ቀርቶ በምላስ ላይ አይታወቅም። በሌላ በኩል፣ ነገሩን ሰምቶ በራሱ መጋዘን ቅመሙን ገዝቶ ልርጭ የሚል ቢኖር ከወዲሁ እናስጠነቅቀዋለን፤ አዮዲን ሲበዛም ታይሮይድን ያውካልና ይህ የፋብሪካና የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ሸቀጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በከተማችን መድኀኒት ቤቶች ለልጅ አእምሮ ይበጃሉ እየተባሉ የሚሸጡ የቫይታሚን እንክብሎች በዋጋቸው ከጨው ጋር አይወዳደሩም። የዚህ እምነት ምንጭ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1988 በዌልስ አገር የተደረገ ጥናት ነው፤ ለስምንት ወር ቫይታሚንና ማዕድን የወሰዱ ተማሪዎች ቃል በማይጠይቁ የአእምሮ ፈተናዎች ብልጫ አሳዩ ተብሎ በዓለም ሁሉ ወሬው ተሰማ፤ እንክብሉም ተቸበቸበ። በ1990 በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የሚጎድለው ልጅ ሲያገኝ ይሻሻላል፤ የማይጎድለው ልጅ ቢጨመርለት አይራቀቅም። እንጀራችን ከጤፍ ስለሚጋገር ብረት በገበታችን ላይ ከብዙ አገሮች ይሻላል፤ ቫይታሚን ኤ በጎመንና በካሮት ይገኛል። አዮዲን ግን በደጋው ማሳ ላይ የለም፤ ከውጭ ካልገባ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ለልጁ ማጥኛ የሚከፍል፣ እንክብልም የሚገዛ የከተማ ወላጅ፣ በማጀቱ ያለው የጨው ዕቃ ክዳን እንዳለው ቢመለከት ገንዘቡን ባላባከነ ነበር። ጨውም ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ በመፍላት ብዛት አይባክንም።

ነጋዴዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ቀድመው የሠሩበት ምሳሌ በሌላ አገር አለ። በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት እንደ ሰሜን ተራሮች የእንቅርት አገር ነበር። የዩኒቨርሲቲው የሕፃናት ሐኪም ዴቪድ ካዊ የግዛቲቱን ጨው አምራቾች ሰብስቦ ካግባባ በኋላ፣ አዮዲን ያለበት ጨው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1924 በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ያስገደደ ሕግ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በስዊትዘርላንድ ተጀምሮ ስለ ነበረ አብነቱ ከዚያ ተወሰደ። ብዙ ቆይተው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ወታደር ምልመላ ፈተና መዝገብ ሲያገላብጡ፣ አዮዲን ባጡት አውራጃዎች ጨው ከገባ በኋላ የተወለዱት ወንዶች ከቀደሙት በአእምሮ ፈተና ከፍ ብለው አገኟቸው። በፈተናው የላቁትም ወደ አየር ኃይል ክፍል ይመደቡ ነበር። ለነጋዴ ይህን ከመናገር የበለጠ ምን ይባላል? የዛሬዋ ነፍሰ ጡር የምትቀምሰው ጨው ከሃያ ዓመት በኋላ በመደብራችን ሒሳብ የሚይዘውን፣ በሹፌርነት የሚቀጠረውን፣ ከእኛም ጋር የሚፎካከረውን ነጋዴ አንጎል እየሠራ ነው።

እንግዲህ ለምክር ቤታችን የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። የጅምላ ነጋዴው ጨው ሲገዛ የፋብሪካው ስምና የተመረተበት ቀን በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ ያልተጻፈበትን አይረከብ። በመጋዘን ውስጥ ጆንያው በወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደርደር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ወደ ደባርቅና ወደ ጃናሞራ የሚወጣው ጭነት በሸራ ይሸፈን፤ ቸርቻሪውም በተቻለ መጠን በትንንሽ የታሸገውን ይሽጥ። ሜዳ ላይ አፍስሶ መሸጥ ግን ይቅር። ይህ ሁሉ ለእህልና ለቡና የምናደርገው ጥንቃቄ ነው፤ ለጨው ያልተደረገው ጨው አይበላሽም ስለሚባል ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ግን ልኬቱ ነው። በጠብታ የሚደረገው ፈተና አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑን በትክክል አይነግርም፤ ስለዚህ ናሙና በላቦራቶሪ መለካት አለበት። በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በራችን ላይ ነው፤ ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው አንሥቶ ወደ ገጠር እያወጣ ያስተማረ ቤት ነውና፣ የንግድ ምክር ቤቱ በጽሑፍ ቢጠይቀው እንቢ ይላል ብለን አናስብም። ከጎንደር፣ ከዳባትና ከደባርቅ ገበያዎች ናሙና በዓመት ሁለት ጊዜ ተወስዶ ይለካ፤ ውጤቱም በዚሁ ጽሑፍ ላይ በፋብሪካና በመጋዘን ዓይነት ይውጣ። በመጀመሪያው ዓመት የማንም ነጋዴ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ለባለ መጋዘኑ ለራሱ በደብዳቤ ቢገለጽለት ይበቃል። ጉድለቱ ከፋብሪካው ሆኖ ሲገኝ ግን ምክር ቤቱ በአባላቱ ስም ገንዘብ የማስመለስ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ዛሬ አንድ ነጋዴ ብቻውን የማይደፍረው ይህን ነው።

የሚቀረው ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ነው። የጅምላ ነጋዴዎች በሚያስገቡት ጭነት ልክ ጥቂት ቢያዋጡ፣ የቀረውንም ምክር ቤቱ ከአባልነት መዋጮ ቢሸፍን ለማንም አይከብድም። ጉዳዩ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ በአክብሮት እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ናሙና ከሰኔ በፊት፣ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ ከዚያው መጋዘን ቢወሰድ፣ ክረምቱ ከጆንያችን ስንቱን እንደሚወስድብን በቁጥር እናውቃለን።